ክፍት የማያድርባት ከተማ

ይህን ታሪክ የነገሩኝ ሰዎች የአገሩን ስም አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ሰው የገዛ አገሩን ነገር ሲያወራ አንዳንዴ ስሙን ይተዋል።

ከተማዋ በአምባ ላይ የተቆረቆረች፣ ዙሪያዋን በግንብ የታጠረች ነበረች። ከግንቡ ወዲያ ገደል ነው። ወደ ላይ ደርብ እንዳይጨመር አፈሩ ልል ነው ይባላል። ስለዚህ ክፍሎቹ አይጨምሩም፤ የሚጨምረው ሰዉ ነው። በዚያች ከተማ «ቤት አለኝ» የሚል ሰው አልነበረም። ሰው ያለው ክፍል ነው፤ እንደ ቀፎ ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፎ የተሠራ፣ ሁለት ሰው ከነጓዙ የሚያስተኛ፣ የንጉሡ ክፍል። ቤተሰብ ሲሰፋ ክፍል ይጨመርለታል፤ ሲጠብ ይቀነስበታል።

የክፍሉን ሕግ ያወጡት የንጉሡ አያት ናቸው። በእሳቸው ዘመን በቆላው ጦርነት ተነሣና ስደተኛው አምባውን ሞላው። መኳንንቱ ለእንግዳ እያሉ ክፍት ክፍሎችን ቆልፈው፣ ቁልፉን ወገባቸው ላይ አንጠልጥለው ሲሄዱ፣ በግንቡ ሥር ያደረውን ሕፃን ውርጭ ጨረሰው። አያትየው ሬሳዎቹን አዩ። ያን ዕለት እህል ሳይቀምሱ አዋጅ አስነገሩ፦ «በከተማችን ክፍት ክፍል አይደር። የተከፈተ ክፍል ወዲያው፣ የትም ይሁን የት፣ በወረፋው ፊት ላለ ሰው ይሰጥ።»

ደግ ሕግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደጅ ያደረ ሰው አልታየም። ነገር ግን ለአንድ ውርጭ የተሰፋው ካባ በበጋም አይውለቅ አሉና፣ ውርጩ አለፈ፣ ስደተኛው ባላገር ሆነ፣ አያትየውም ሞቱ፤ ሕጉ እንዳለ ቀረ።

ሕጉን የሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት ክፍት ቤት ይባላል፤ ሹሙም ሊቀ ክፍት። በሹሙ ሥር በር ዳሳሾች አሉ። ጠዋት ጠዋት በየመንደሩ ይዞሩና መዳፋቸውን በሩ ላይ አሳርፈው «አለህ ወይ?» ይላሉ። ውስጥ ያለው «አለሁ» ሲል ያልፋሉ። መልስ ሲያጡ በሩን ይከፍታሉ። ሰው ከሌለ፣ ወይም ያለው ሰው መልስ መስጠት የማይችል ከሆነ፣ ማማው ላይ የተቀመጠው ክፍት ጠሪ ይጮኻል፤ የወረፋው ፊተኛ ጓዙን ተሸክሞ ይሮጣል። የሞተ ሰው ከሆነም ዘመዶቹ እስኪመጡ በሰሌን ተጠቅልሎ ደጃፉ ላይ ይጋደማል።

እንግዲህ አስቡት። አንድ ቤተሰብ ልጅ ሲወልድ የሚጨመርለት ክፍል ያን ዕለት ሰው የሞተበት ክፍል ነው፤ እሱም የትም ሊሆን ይችላል። ዓመት ዓመትን ሲወልድ በከተማዋ አንድ ላይ የሚያድር ቤተሰብ ጠፋ። አባት በሰሜን፣ እናት በቆዳ ፋቂዎች መንደር፣ ልጅ ወፍጮው ሥር። ክፍሉን ጥሎ ከዘመዱ ጋር የሚያድር ሰው ደግሞ ጠዋት «አለሁ» የሚልለት ስለሌለ ክፍሉን ያጣል፤ ወደ ወረፋው ጭራ ይሄዳል። ሰው ክፍሉ የሚያድረው ሊኖርበት ሳይሆን አለሁ ሊልበት ሆነ።

አንጓች የምትባል ገመድ ገማጅ ነበረች። ባሏ እንየው የግንቡን ድንጋይ የሚጠግን ግንበኛ ነው። እሱ በምዕራብ በር ያድራል። እሷ ከትንሿ ልጃቸው ከፈንታዬ ጋር በቆዳ ፋቂዎቹ መንደር ታድራለች። የእንየው አባት፣ አባ ደርሶ፣ ዓይናቸው ፈዟል፤ እሳቸው ደግሞ በምሥራቅ በር ከወይራዎቹ ሥር ናቸው። አንጓች በየቀኑ ምሳቸውን በመሶብ ይዛ ከተማውን አቋርጣ ትሄዳለች። በመንገዱ የምትሄደው እሷ ብቻ አይደለችም። እኩለ ቀን ላይ የከተማዋ ጎዳናዎች ምግብ በያዙ ሴቶችና በደከሙ ወንዶች ይጨናነቃሉ፤ ሁሉም ከአንዱ ቤቱ ወደ ሌላው ቤቱ ይሄዳል። እጅ ሁሉ ስለተያዘ ሰላምታ እንኳ በአገጭ ነበር።

አንድ ክረምት፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ዳሳሾቹ ባረፈዱበት ቀን፣ አንጓች ገበያው መሃል ስትደርስ ጠሪው ጮኸ።

«በምሥራቅ በር፣ ከወይራዎቹ ሥር፣ ከጉድጓዱ ቀጥሎ ያለው ክፍል ክፍት ነው።»

ከጉድጓዱ ቀጥሎ ያለው ክፍል የአማቷ ነው። የአማቷን ሞት የሰማችው እንዲህ ነው። መሶቡን እንደያዘች መሮጥ ጀመረች፤ ጭቃው ያዳልጣል። ስትደርስ አባ ደርሶ ደጃፉ ላይ በሰሌን ተጠቅልለዋል። ውስጥ አንድ ወጣት ከነሚስቱ ገብቷል። አልጋው ላይ አልተቀመጡም። መሬት ላይ፣ ጓዛቸውን እቅፍ አድርገው፣ ግድግዳ ተደግፈዋል።

«ይቅርታ እትዬ» አለ ወጣቱ ቀና ብሎ ሳያያት። «ወረፋችን ደርሶ ነው። ዛሬ ካልገባን ወደ ኋላ ይመልሱናል።»

«አውቃለሁ» አለች አንጓች። «ሲሞቱ ማን ነበር?»

«ማንም አልነበረም መሰለኝ። ዳሳሹ ነው ያገኛቸው።»

አንጓች መሶቡን የት እንደምታኖረው ጠፋት። ቆይታ ለሴቲቱ ሰጠቻት። ሴቲቱ ተቀበለች፤ ርቧት ነበር።

ልቅሶው ካለቀ በኋላ አንጓች ክፍት ቤት ሄደች። ሊቀ ክፍቱ ጓንጉል ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ከዓይኑ ሥር ያበጠ፣ ቀኑን ሙሉ አቤቱታ የሚሰማ ሰው ነው።

«ደጅ ያደረ ሰው አለ?» አላት።

«የለም፣ ጌታዬ።»

«ክፍል ተከልክላችኋል?»

«አልተከለከልንም።»

«ታዲያ ምን ጎደለሽ?»

«አማቴ ብቻቸውን ሞቱ። እኛ ከተማው ውስጥ ነበርን፤ ሁላችንም በየክፍላችን አለሁ ስንል ነበር። አንድ ላይ ብታደርጉን ምናለ? ክፍል አይጨመርልን። ያለችን ብቻ ትጠጋጋልን።»

ጓንጉል ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «እኔም አንድ ላይ ያሉ ክፍሎች ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ብቻ ከተማው ውስጥ ብዙ ክፍት ይጠራል። ግን አንዱ እዚያ፣ አንዱ እዚህ ነው። ሁለት ተያይዘው የተከፈቱ ካየሁ ዘመን ሆኖኛል። ክፍት ሞልቷል እኮ፤ ቦታ ነው የሌለው።»

«እርስዎስ የት ያድራሉ?»

ሰው እንዲህ ብሎ ጠይቆት አያውቅም። «እኔ ላይ ሰፈር ነኝ። ባለቤቴ ስንዱ ታች ገደሉ አፋፍ ላይ ናት» አለና የሚቀጥለውን ባለጉዳይ አስጠራ።

ነገሩን የለወጠው የአንጓች አቤቱታ አልነበረም። ንጉሡ አንድ የጎሣ ሽማግሌ ለምክር አስጠሩ። መልእክተኞቹ ሽማግሌው ወደሚተኙበት ሄዱ፤ የሉም። ወደሚበሉበት ሄዱ፤ አሁን ወጡ ተባሉ። ልብሳቸው ወደሚቀመጥበት፣ ልጃቸው ወዳለበት እያሉ ሲዞሩ መሸ። ንጉሡ ዙፋናቸው ላይ ተጎልተው ዋሉ። ማምሻውን «የኔ ሕዝብ የት ነው ያለው?» ብለው ተቆጡና ታላቁ ማሰባሰብ ታወጀ። ሰው ሁሉ ከቤተሰቡ ጋር አንድ ላይ እንዲሰፍር።

ማወጁ ቀላል ነበር። ግን ከተማው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ አንዱን ለማንሣት የሚነሣው ሰው የሚቆይበት ባዶ ስፍራ ያስፈልጋል። ንጉሡ የፈረሶቻቸውን ጋጣ አስለቀቁ። ፈረሶቹ ዝናብ ላይ ወጡ፤ ሰው ጋጣ ገባ። የአንድ መንደር ሰው ጋጣ ውስጥ ይጠብቃል፤ ክፍሉ ለሌላ ይሰጣል፤ የዚያኛው ይለቀቅና ለሦስተኛው ይሰጣል፤ በመጨረሻ በጋጣ ያለው ይገባል። እንዲህ እየተባለ ከተማው በሙሉ ተገለባበጠ። ጋን ተሰበረ፣ አሮጌ ሰው መንገድ ላይ ቀረ፣ ከብት ጠፋ፣ ባልና ሚስት ተጣሉ። የእንየው ጀርባ ከጓዝ ብዛት ጎበጠ፤ ከዚያ በኋላ ቀጥ ብሎ አልቆመም።

ቢሆንም ተሰበሰቡ። አንጓች፣ እንየውና ፈንታዬ በጉልላት መንገድ ላይ ተያይዘው የተሠሩ ክፍሎች ደረሷቸው። እንየው መሃል ያለውን ግድግዳ በስቶ በር አወጣበት። የመጀመሪያዋን ሌሊት ሦስቱም አንድ ክፍል ውስጥ ተኙ። ልብሳቸው ፈረስ ፈረስ ይሸታል። አንጓች ጠዋት ስትነቃ ባሏ ቁጭ ብሎ ልጁን ሲያያት አገኘችው።

«ምን ሆንክ?»

«ስትተኛ አፏን ትከፍታለች ለካ» አለ እንየው።

በግድግዳ የሚዋሰኗቸው ጎረቤታቸው እማማ ተዋበች የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ነበሩ፤ ወፍራም፣ ሳል የማይለቃቸው፣ ድምፃቸው ሻካራ። ልጅ አልወለዱም። ፈንታዬን ጥጥ መፍተል ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ አንጓች ገበያ ስትውል የሚያበሏት እሳቸው ናቸው። ጠዋት ዳሳሹ ሲመጣ «አለሁ» የሚሉት እንደ ዘፈን ጎተት አድርገው ነበር፤ መንገዱ ሁሉ ይስቃል።

ጓንጉል በማሰባሰቡ ካባ ተሸለመ። ሕጉን ግን ማንም አልነካም። ማሰባሰቡ ባለቀ ሰሞን አንድ ሽማግሌ ሞቱ፤ ክፍላቸው በወረፋው ፊት ላለ ሰው ተሰጠ። አንዲት ሴት ወለደች፤ ክፍሏ የተገኘው ከከተማው ማዶ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ሰው እንደገና ምግብ ይዞ ከተማ ማቋረጥ ጀመረ። ሁለተኛ ማሰባሰብ ታወጀ። ፈረሶቹ ወጡ። የአንጓች ቤተሰብ ዕድል ቀንቶት ከቦታው አልተነቀለም፤ ሌላው ግን ጋኑን ሰበረ። ያም አለፈና ሰዉ ተመልሶ ተበተነ። የሦስተኛው ማሰባሰብ ወሬ ሲመጣ ደስ ያለው ሰው አልነበረም። «ደግሞ ልንሰበሰብ ነው» ይባባሉ ነበር፤ «ደግሞ ልንታመም ነው» እንደማለት።

በዚህ መሃል ፈንታዬ አደገች፤ ሸጋው የሚባል የወፍጮ ቤት ልጅ አገባት። ሸጋው ክፍሉ ወፍጮው ሥር ነው፤ ጥሎት ቢመጣ ያጣዋል። ስለዚህ ቀን ይመጣል፣ ማታ ይሄዳል። ፈንታዬ አረገዘች። ስትወልድ ክፍል ይጨመርላታል፤ የት እንደሆነ ግን ያን ዕለት የሚሞተው ሰው ነው የሚያውቀው።

የእማማ ተዋበች ሳል የባሰው ያን ጊዜ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ አንጓችን በግድግዳው ጠሯት።

«አቤት፣ እማማ።»

«ነይ ቁጭ በይ። እኔ እንግዲህ ዛሬ ነገ የምል ሰው ነኝ። ስሞት ጠሪው ይጮኻል፤ ማን እንደሚገባ አይታወቅም። ይቺን ልጅ ደግሞ ከነአራስነቷ የት ይወስዷታል?»

«እግዜር ያውቃል።»

«እግዜርማ ያውቃል። የማያውቀው ክፍት ቤት ነው።» ሳሉ ያዛቸው፤ እስኪለቃቸው አንጓች ጀርባቸውን ደገፈች። «ስለዚህ አታልቅሱልኝ። ዝም ብላችሁ ቅበሩኝ። ክፍሉ ለልጂቱ ይሁን።»

አንጓች ክው አለች። «እማማ፣ ይሄ አይሆንም። ሰው እንዴት ሳይለቀስለት ይቀበራል?»

«ባሌን በወጉ ነው ያለቀስኩት። ገና ደረት ስመታ የወረፋው ሰው ድስቱን ይዞ ገባ። 'እለፍ፣ ግባ' አልኩት፣ እንባዬን ጠርጌ። ይሄ ነው ወግ? የኔ ልጅ፣ እኔ ከሞትኩ በኋላ አልሰማም። ልጂቱ ግን ብቻዋን ስታምጥ ትሰማለች።»

«ጠዋትስ? ዳሳሹ ሲመጣ?»

«አንቺ አለሁ ትያለሽ። እስቲ በኔ ድምፅ በይ።»

«አለሁ» አለች አንጓች።

«እንዲህ አይደለም። እኔ ወፍራም ነኝ። ከሆድሽ አውጪው፤ ጎተት አድርጊው።»

«አለሁ...»

«መጣሽ፣ መጣሽ» አሉ ተዋበች፤ ሳቁ። አንጓችም ስቃ አለቀሰች። ሲለማመዱ ዋሉ።

እማማ ተዋበች የሞቱት በገበያ ቀን ነው። የመንገዱ ሰዎች ተመካከሩ። ሬሳውን በሸንበቆ ጠቅልለው፣ እንየውና ሸጋው እንደ ጣራ ክዳን ተሸክመው፣ በጠራራ ፀሐይ በገበያው መሃል አለፉ። ነጋዴው ይጮኻል፣ ሰው ይጋፋል፤ «ሸንበቆው ይሸጣል ወይ?» ብሎ የጠየቀም ነበር። እንየው «ተሸጧል» አለው። ከኋላ የሚከተሉት ሴቶች የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰዋል። በምሥራቅ በር ኮረብታው ላይ፣ ከወይራዎቹ ሥር ቀበሯቸው፤ ድንጋይ አላቆሙም፤ አፈሩን በእግራቸው ደልድለው ወደየቤታቸው ተበታተኑ። 

በማግሥቱ ዳሳሹ መጣ። መዳፉን በተዋበች በር ላይ አሳረፈ። «አለሽ ወይ?»

«አለሁ...» አለች አንጓች ከውስጥ፣ ወፈር አድርጋ፣ ጎተት አድርጋ።

ዳሳሹ አለፈ። ፈንታዬ በእማማ ተዋበች አልጋ ላይ ወንድ ልጅ ወለደች፤ እናቷ አጠገቧ ሆና፣ አባቷ ግድግዳው ወዲያ ሆኖ።

እንዲህ ያለ ነገር ተደብቆ አይቀርም፤ ግን ወደ ሹማምንቱ አልሄደም፣ ወደ ጎረቤት ነው የሄደው። ሌላው መንገድም ሙቱን ሳያለቅስ ቀበረ። ከዚያ ሌላውም። ቀስ በቀስ ከተማዋ የልቅሶ ድምፅ አጣች። ከየበሩ ጀርባ ሕያው ለሙት አለሁ ይል ጀመር። አንዳንዱ የአባቱን፣ አንዳንዱ የአክስቱን ድምፅ ተማረ። ሕፃናት ሰው ሲሞት እንደሚለቀስ ሳያውቁ አደጉ። ባል የሞተባት ሴት ጥቁር አትለብስም፤ ገበያ መሃል ስታገኝህ ፈገግ ትልሃለች፤ አንተም ታውቃለህ፣ እሷም እንደምታውቅ ታውቃለች።

ማማው ጸጥ አለ። ጠሪው የሚጠራው አጥቶ እንቅልፍ ይወስደዋል። በቤተ መንግሥት ግን ነገሩ በሌላ መንገድ ተተረጎመ። አንድ ባለሟል ለንጉሡ «በዘመነ መንግሥትዎ ሞት ቀርቷል» አላቸው። ንጉሡ መጀመሪያ ሳቁ። ዳሳሾቹ ተጠሩ፤ ሁሉም በር አለሁ እንደሚል መሰከሩ። ጠሪው ተጠራ፤ ከጠራ ዘመን እንደሆነው ማለ። የመቃብር ጠባቂው በክብር ጡረታ ወጣ። በየዓመቱ የሚከበር የሕይወት በዓል ተደነገገ፤ በዚያ ቀን ሰው ሁሉ በየደጃፉ ወጥቶ በአንድነት «አለሁ» እንዲል። ሰዉ ይወጣል፤ ይላል። የራሱንም የሟቹንም ስለሚል ድምፁ ከዓመት ዓመት ይበልጥ ነበር፤ ንጉሡም በሕዝባቸው መብዛት ደስ ይላቸዋል።

ክፍት ሲጠፋ ግን ወረፋው ቆመ። አዲስ ተጋቢዎች፣ ከቆላ ጭሰኝነት ወጥተው የመጡ፣ ክፍላቸው የፈረሰባቸው፣ ማማው ሥር ተኮልኩለው ማደር ጀመሩ። ክረምት ሲገባ ውርጩ ያዛቸው። አንጓች አንድ ጠዋት በዚያ ስታልፍ የደረቀ ሕፃን የታቀፈች ሴት አየች። ቤቷ ገብታ ያነሣችውን ገመድ መልሳ አስቀመጠች።

«እንየው» አለችው ባሏን፣ «የእማማ ተዋበችን ሞት ደብቀን በዚያች ሴት ክፍል ላይ ነው የተቀመጥነው።»

«ብንሰጣትስ?» አለ እንየው። «ብንሰጣት ፈንታዬን ገደል አፋፍ ይወስዷታል። ነገ ደግሞ ይቺው ሴት ስትወልድ እሷን ምዕራብ በር። እኔ መሸከም አልችልም ከእንግዲህ፣ አንጓች። ጀርባዬን አየሽው።»



ጓንጉል ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። ክፍት ቤት ውስጥ እንደሱ የሚያውቅ አልነበረም። ከመጀመሪያው ማሰባሰብ ጀምሮ የሚበትነው ሰዉ ሳይሆን ሕጉ እንደሆነ ያውቃል፤ ሁለቱን ቃል ያውቃቸዋል፤ «ወዲያው» እና «የትም ይሁን የት»። ግን የአያትየውን ቃል ልንካ ብሎ ንጉሥ ፊት የሚቀርብ ሹም ምን እንደሚደርስበት አይታወቅም። ስለዚህ ማሰባሰብ ይቀልለው ነበር፤ ማሰባሰብ ያሸልማል።

አንድ ጠዋት ዳሳሾቹን ትቶ ራሱ በጉልላት መንገድ መጣ። በእማማ ተዋበች በር ላይ መዳፉን አሳረፈ።

«አለሽ ወይ?»

«አለሁ...»

ዳሳሽ ቢሆን ያልፍ ነበር። እሱ አላለፈም። «እማማ ተዋበች፣ ጤናዎ እንዴት ነው?»

«ይመስገን» አለ ወፍራሙ ድምፅ።

«ሳሉስ?»

«ትቶኛል።»

«ጥሩ ነው» አለ ጓንጉል። ግንባሩን በሩ ላይ አስደገፈ። አንጓች በስንጥቁ ታየዋለች፤ ካባው ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። «ባለቤቴ ስንዱ ታማለች፣ እማማ። ገደሉ አፋፍ ላይ ብቻዋን ናት። እኔ ላይ ሰፈር አለሁ እላለሁ። የሞተች እንደሆነ ምን ላድርግ?»

አንጓች በማን ድምፅ መመለስ እንዳለባት ግራ ገባት። ከዚያ በራሷ ድምፅ ተናገረች።

«ዛሬውኑ ይሂዱና አጠገቧ ይሁኑ፣ ጌታዬ። ክፍልዎ ይቅር።»

ሄደ። በሚቀጥለው ጠዋት በሹሙ በር አለሁ የሚል አልተገኘም፤ ዳሳሹ ግን የአለቃውን ክፍል ክፍት ነው ብሎ ሊያስጠራ አልደፈረም። ጓንጉል ከስንዱ ጋር ከረመ፤ ውሃ አጠጣት፣ ገላዋን አጠበ፣ ያላወሩትን የዘመናት ወሬ አወሩ። ሞተች። የአፋፉ ጎረቤቶች መጥተው እንደ ልማዱ «እኛ አለሁ እንላለን፣ እርስዎ ዝም ይበሉ» አሉት። ሊል ሞከረ። አልቻለም። ካባውን ጥሎ ከተማውን አቋርጦ ማማው ላይ ወጣ፤ ያንቀላፋውን ጠሪ ወደ ጎን ገፋ አደረገው።

«በገደሉ አፋፍ» ብሎ ጮኸ፤ ሰው ሁሉ ቀና አለ። ክፍት ነው ሊል ነው ብሎ ሰዉ ሲጠብቅ «ስንዱ ሞታለች» አለ። «ሚስቴ ሞታለች። ሰው ሞቷል።»

እንዲህ ያለውን ቃል ከማማው ላይ የሰማ አልነበረም። ጎዳናው ላይ ያሉ ሰዎች እንዳሉ ቆሙ። ምግብ የያዙ ሴቶች መሶባቸውን መሬት አኖሩ።

ጓንጉልን ወደ ንጉሡ ወሰዱት። ንጉሡ አርጅተዋል፤ እግራቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ተቀምጠዋል።

«በኔ አገር ሰው አይሞትም ብለውኝ ነበር» አሉ።

«ይሞታል፣ ንጉሥ ሆይ። ብዙ ሞቷል።»

«ታዲያ ለምን አልተነገረኝም?»

«ሲነገር ክፍሉን ስለምንወስድበት ነው።» ጓንጉል ተንበርክኮ ነበር፤ መነሣት አቅቶት እንደዚያው ቀረ። «አያትዎ 'ወዲያው' ያሉት ውርጭ ላይ ለነበረ ሕፃን ነው። 'የትም ይሁን የት' ያሉትም ለሱ ነው። እነዚያን ሁለት ቃላት ያንሡልን። ሰው የሞተበት ክፍል እስከ ሙት ዓመቱ ለሐዘንተኞቹ ይቆይ። ከዚያ በግድግዳ የሚዋሰነው ቤተሰብ ይቅደም፤ እሱ ካልፈለገው ለወረፋው ይሰጥ፤ ለወረፋውም ቢሆን ዘመድ ከዘመዱ ጎን ይሁን። ሌላ ምንም አይነካ። ማሰባሰብም አያስፈልግም።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ንጉሡ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳቡ። «ፈረሶቼን ዝናብ ላይ ስታስወጡ የከረማችሁት ለሁለት ቃል ነው?»

ጓንጉል አንገቱን ደፋ። ንጉሡ ተቆጥተው ቢሆን ይቀልለው ነበር ይላሉ፤ አልተቆጡም፤ ደክሟቸው ነበር። ቃላቱ እንዲሰረዙ አዘዙ። ሙት የደበቀ ሁሉ ሳይቀጣ እንዲናገር፣ የተደበቀውም ክፍል ለወረፋው እንዲወጣ፣ ተዋሳኝ የፈለገው ግን እንዲቀርለት ታወጀ። ጓንጉልን ከሹመቱ ሻሩት። ሚስቱ ክፍል ውስጥ እስከ ሙት ዓመቷ ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ ስለሱ የነገረኝ የለም።

አዋጁ በተነበበ ማግሥት ሰዉ ወደ ወይራዎቹ ወጣ። ማንም አልጠራውም። መቃብሮቹ ምልክት ስላልነበራቸው ሁሉም በግምት፣ «እዚህ መሰለኝ፣ ከዚህ ሥር ጋር ነበር» እያለ ተቀመጠ። መጀመሪያ ያለቀሱት ባልቴቶች ናቸው። ከዚያ ልቅሶው ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሻገረ ኮረብታውን ያዘው። የአንዱ ሙሾ ከሌላው ጋር ተደባለቀ። ሕፃናቱ ነገሩ ምን እንደሆነ ስላልገባቸው የእናቶቻቸውን ቀሚስ ይዘው ቆሙ። በሸንበቆ የተወሰደው፣ በጆንያ የተወሰደው፣ እንደ ሰካራም ተደግፎ የተወሰደው፣ ሁሉም ስሙ ተጠራ።

አንጓች፣ እንየውና ፈንታዬ ይሆናል ባሉበት ቦታ ቆሙ። እንየው በጎበጠ ጀርባው በትሩን ተደግፏል። ሴቶቹ እንድታወጣ አንጓችን ጠበቁ፤ ለእማማ ተዋበች ሙሾ የማውረድ ዕጣ የእሷ ነው። አፏን ከፈተች። ዘመኑን ሁሉ ጠዋት ጠዋት ስታወጣው የኖረችው ድምፅ ነበርና ከጉሮሮዋ የወጣው ወፍራም፣ ሻካራ፣ ጎተት ያለ ድምፅ ሆነ። እማማ ተዋበች ራሳቸው በራሳቸው ላይ የሚያለቅሱ መሰለ። ሴቶቹ ደንግጠው ዞሩ። አንጓች ድምፁን ልትለውጠው ሞከረች፤ የራሷን ፈለገች፣ አልመጣላትም። ስለዚህ በዚያው ድምፅ ቀጠለች፤ ሴቶቹም ትንሽ ቆይተው ተቀበሏት።